ልቤን ያለችኝ ልጅ

ነጩን ጋዋኔን አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ አጣጥፌ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ መለስኩ። ፈረመልኝ። የጅቡቲ የሥራ ዘመኔ በዚያ ፊርማ አለቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ በሁለት እግሬ ገብቼ በሁለት እግሬ ወጣሁ። አብረውኝ ከመጡት ሴቶች ይህን ማለት ያልቻሉ አሉ።

ልጄ ሰላም ትዝታሽን ጻፊው አለችኝ። ብዙ የምጽፈው የለኝም። በሆስፒታሉ ሥራዬ ሦስት ነገር ነበር፦ የታመመ ማጠብ፣ ደም ሲቀዳ ክንድ መያዝ፣ አማርኛ የሚናገረውን በሽተኛ ቃል ለሐኪሙ በፈረንሳይኛ ማድረስ። በሦስተኛው ሥራዬ አንዲት ልጅ ሞታብኛለች። ይህን ለእናቷ ሳልነግር ዓመታት ቆየሁ። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

የመጣሁት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በተነሳበት ዓመት ነው። የአገራችን ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞረ፤ እኛም ከጭነቱ ጋር መጣን። ባሌ ሞቶ ነበር። ሰላም ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ለእናቴ ትቼያት ወጣሁ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጠርኩ። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ኩሽና ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት ቃል «ቪት» ነው፤ ቶሎ ማለት ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። አገሯ ስትመለስ ለምታውቀው ሐኪም ነግራልኝ በሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኛ ሆንኩ። ደመወዙ ከቤት ሠራተኛነት ብዙም አይበልጥም ነበር። ግን ማታ የራሴ በር ነበረኝ፤ ባልባላ በሚባለው የድሆች ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል። ሰላምን አስመጣኋት።

ወረቀት የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ ከአገር ይውጣ የተባለ ጊዜ ወረቀት አልነበረኝም። እጄን ይዛ ከቢሮ ቢሮ አዙራ ወረቀት ያስወጣችልኝ አዴ ሐሊማ ናት። በሆስፒታላችን ነርስ ነበረች። ትውልዷ ድሬዳዋ፣ ወላጆቿ የጨርቅ ነጋዴዎች፤ ጅቡቲ የመጣችው በልጅነቷ ነው። አዴ የምንላት በድሬ ሰው ልማድ ነው፤ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። መጀመሪያ «እርስዎ» ስላት ሳቀችብኝ።

«ድሬ ላይ አንቱታ አይሸጥም። አንቺ በይኝ። አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

እሺ አልኳት። እስክትሞት አንቺ አልኳት፤ በልቤ ግን አንቱ ነበረች።

ወደ አስተርጓሚነት የገባሁት መወልወያ በእጄ እንደያዝኩ ነው። አንዲት የአገሬ ሴት አልጋ ላይ ትጮሃለች፣ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ነርሷ በሶማሊኛ ትሞክራለች። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ «የግራ ጎኔ ነው የምትለው» አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጠሩኝ ጀመር። በኋላ አዴ ሐሊማ አለቃዋን ለምና ረዳቷ አደረገችኝ።

ስለ እሷ እጅ ልናገር። ሁለቱን መዳፎቿን አፋትጋ ሳታሞቅ በሽተኛ አትነካም ነበር። በዚያ ሙቀት የምን ማሞቅ ነው ብዬ እስቅ ነበር።

«ሙቀቱ ለእኔና ለአንቺ ነው» አለችኝ። «ትኩሳት ላለበት ሰው እጄ በረዶ ነው።»

ከዚያ የበሽተኛውን እጅ ትይዛለች። ሰላምታ ይመስላል፤ ግን ጥፍሩን አንድ በአንድ እያየች ነው። ቀጥሎ የታችኛውን የዐይን ሽፋን ዝቅ አድርጋ ውስጡን ታያለች። ከዚያ ነው አፏን ለንግግር የምትከፍተው። የምትጠይቀው ጥያቄም አንድ ነበር፦ «የት ላይ ነው? ጣትህን አስቀምጥበት።» በሽተኛው ጣቱን ሳያስቀምጥ ወደ ሁለተኛ ጥያቄ አታልፍም ነበር።

እኔ ስተረጉም አጠገቤ ቆማ ታዳምጣለች። አንድ ቀን የአንዱን ሽማግሌ ነገር ላሳምርለት ብዬ ያላለውን ጨመርኩ። ሐኪሙ ሲሄድ ያዘችኝ።

«ወደብ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ።»

«ሃማሎቹን አይተሻል? ከመርከብ ጆንያ የሚያወርዱትን?»

«አይቻለሁ።»

«ጆንያ ፈትቶ ውስጡን የሚያይ፣ ይሄ ስንዴ አይደለም ሩዝ ነው ብሎ የሚለውጥ ሃማል አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«አንቺም ሃማል ነሽ። የተሰጠሽን ጆንያ ተሸክመሽ አሻግሪ። የሚፈታው ሐኪሙ ነው።»

የልብን በሽታ ያስተማረኝ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከአዋሽ ወዲህ ያለውን መንገድ እንደ ግቢው የሚያውቅ፣ ቀልደኛ ሰው። ለሁለት ወር ሲያተኩሰው፣ ሲያልበው፣ ሲከሳ ከርሞ በየደረሰበት ወባ ነው እያሉ ኪኒን ሲሰጡት ነበር። አዴ ሐሊማ እጁን ይዛ ቆየች።

«ምነው እናቴ፣ ልታገቢኝ ነው?» አላት።

«የነዳጅ ዘይት የጠጣ ጥፍር ማን ያገባል!»

«ዘይቱን አጥቤ ብመጣስ?»

«ታጥቦ የማይለቀውን ነው የማየው።» ወደ እኔ ዞረች። «ነይ እይ።»

ጥፍሩ ሥር ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነበሩ፤ ስንጥር የገባበት ይመስላል። በዐይኑ ሽፋን ውስጥ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚያህሉ ቀይ ነጠብጣቦች።

ያን ቀን ደሙ እንዴት እንደሚቀዳ አሳየችኝ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት። ቆዳውን በአዮዲን ይጠርጋሉ፤ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ እፍ አይባልበትም። የጠርሙሱም አፍ ይጠረጋል። ከአንድ ክንድ፣ ከሌላው፣ ቆይቶ እንደገና፤ ሦስት ጊዜ። እኔ ሙቀቱ እንዳያበላሻቸው ብዬ ጠርሙሶቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ላስቀምጥ ስል እጄን መታችኝ። «የምንፈልገው ደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንዲያድግ ነው። አታብርጂብኝ።» በሁለተኛው ቀን ጠርሙሱ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መሰለ።

ሐኪሙ ለሹፌሩ ሲያስረዳ እኔ አሻገርኩ። ልብ ውስጥ በሮች አሉ። ደም ወደፊት ሲሄድ ይከፈታሉ፤ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በሮቹን አቁስሏቸው ሊያልፍ ይችላል፤ ሰውየው ሳያውቅ ያድጋል። አንድ ቀን ከጥርስ ወይም ከቁስል ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባና በቆሰለው በር ላይ ይሰፍራል። እዚያ ጎጆ ይሠራል። ከጎጆው ቅንጣቢ እየተቆረሰ በደም ይሄዳል፤ ወደ ጥፍር፣ ወደ ዐይን፣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ አንጎል።

«በሩን ያጥቡልኛ» አለ ሹፌሩ።

ስድስት ሳምንት ታጠበ። በየአራት ሰዓቱ ፔኒሲሊን በደም ሥሩ። ክንዱ ጠቁሮ መርፌ የሚገባበት ስናጣ እንኳ ይቀልድ ነበር። በእግሩ ወጣ። አዴ ሐሊማ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እኔም አማተብኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ከወደብ ሲመለስ በዘበኛው በኩል ሙዝ ይልክልን ነበር።

አሁን ወደዚያች ቃል ልምጣ።

የእኛ ሴቶች «ልቤን» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ልባቸውን ማለታቸው አይደለም። ልቤን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያጥወለውለኛል ይላሉ፤ የሚያማቸው ጨጓራቸው ነው። መጀመሪያ ቃሉን እንዳለ ልብ ብዬ አሻግረው ነበር። ሐኪሙ ደረታቸውን ያዳምጣል፣ ምንም የለም፣ ቀኑ ይሄዳል። አንዱ ወጣት ሐኪም ሰለቸው። «የኢትዮጵያ ሴት ሁሉ ልቧን ነው እንዴ የሚያማት?» አለኝ።

አዴ ሐሊማ እያለች «ጣትሽን አስቀምጪበት» ስለምትል ችግር አልነበረም። ዐይኗ ደክሞ ጡረታ ስትወጣ ግን ብቻዬን ቀረሁ። ሰልፉ ረዝሟል። እኔም ጠይቄ ከማድረስ ይልቅ አውቃለሁ ብዬ ማድረስ ጀመርኩ። አንዷ «ልቤን» ስትለኝ «ጨጓራዋን ነው» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። ሐኪሞቹ ወደዱኝ። «ከእሷ ጋር ሥራ ይፈጥናል» ይሉ ነበር። ደስ አለኝ። ይህ ደስታ ኃጢአት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

የሺ የመጣችው በዚያ ወቅት ነው። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ናት። ሃያ ዓመት የሞላት አትመስልም። ሀራሙስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ትሠራ ነበር፤ ይዟት የመጣው የቤቱ ዘበኛ ነው። ቀኑ እኩለ ቀን ሊሆን ነው። የጫቱ መኪና የሚገባበት ሰዓት ተቃርቧል፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል፣ ዘበኛው ሰዓቱን ያያል፣ እኔም አያለሁ።

«ምንሽን ነው የኔ ልጅ?»

«ልቤን ነው እትዬ። ይይዘኛል። እህል አላስበላ ብሎኛል።»

«ያተኩስሻል?»

«ማታ ማታ ትንሽ። ከሙቀቱ ይሆናል።»

ለሐኪሙ፦ «ጨጓራዋን ነው። ምግብ አይበላላትም።» ትኩሳቱን ነገርኩት፤ ከሙቀቱ ይሆናል ማለቷንም ነገርኩት። ጣትሽን አስቀምጪበት አላልኳትም።

ለጨጓራ የሚጠጣ ነጭ ሽሮፕ ታዘዘላት። ስትሄድ እጄን ሳመችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ከስታ ነበር። «አልተሻለኝም እትዬ፤ ልቤን ያው ነው» አለች። «ጨጓራዋ አልተሻላትም» አልኩ። ሌላ መድኃኒት ታዘዘ። ጥፍሯ በሂና ቀልቷል፤ የአሠሪዎቿ ልጅ ሠርግ ነበር አለችኝ። ይህን ለሰበብ አላነሳውም። የዐይኗ ሽፋን ውስጥ ሂና አልነበረም።

ለሦስተኛ ጊዜ በሸክም መጣች። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ አፏ ወደ አንድ በኩል ሄዷል፤ ቃል አይወጣትም። ያን ቀን ሌላ ሐኪም ነበር። ደረቷን አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። «ማንም ልቧን አላዳመጠም?» አለ። ካርዷን አነበበ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የእኔ ቃል ነው፤ ጨጓራ።

ዘበኛውን ጠየቅሁት። ከመታመሟ በፊት ባልባላ አንድ ሰው ጥርሷን ነቅሎላት ነበር፤ ድዷ ለብዙ ቀን መግሎ ነበር አለ። ደሟ ሦስት ጊዜ ሲቀዳ ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቆዳዋን ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ጠርሙሱ በማግስቱ ደፈረሰ። ፔኒሲሊኑ በየአራት ሰዓቱ ተጀመረ። በአልትራሳውንድ ሲያዩ በግራ በኩል ያለው በር ላይ ጎጆው ነበር፤ ሐኪሙ በጣቱ አሳየኝ፤ ደም በተመላለሰ ቁጥር እንደ ጨርቅ ይውለበለባል። ቅንጣቢው አንጎሏ ደርሶ ነበር። በሩን በቀዶ ሕክምና የሚለውጥ በአገሩ አልነበረም።

አሥራ አንድ ቀን አስታመምኳት። ተረኛ ባልሆንም እመጣ ነበር። አጥባታለሁ፣ ጸጉሯን እፈታለሁ፣ ውዳሴ ማርያም አነብላታለሁ። ትሰማለች፤ በዐይኗ ትከተለኛለች። በስምንተኛው ቀን ማንም ሳይኖር እጆቼን አፋትጌ አሞቅሁ፤ ግራ እጇን ያዝኩ።

«የሺዬ፣ የት ላይ ነው? ጣትሽን አስቀምጪበት።»

እጇን ከእጄ አወጣች። ቀስ ብላ አንስታ ግራ ጡቷ ላይ፣ ልቧ ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ተወችው። የተቆጣችኝ አልመሰለኝም። በመጨረሻ የተጠየቀ ሰው መሰለችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች። ቀብሯ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የመጣን ጥቂት ሴቶች ነበርን።

አዴ ሐሊማ ቤት ሄድኩ፤ ካርቲዬ ስድስት በሚባለው ሰፈር ነበር የምትኖረው። ዐይኗ አያይም ማለት ይቻላል። ሁሉንም ነገርኳት። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር።

«ጆንያውን ፈታሽው» አለች።

«ፈታሁት።»

እጄን ይዛ ጥፍሬን በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰችው። በዚያው ዓመት ሞተች። ነፍሷን ይማር።

የየሺ እናት ወይዘሮ ደብሬ ይባላሉ። የልጃቸውን ሞት በስልክ ያረዳኋቸው እኔ ነኝ። «የልብ በሽታ ነው» አልኳቸው። እውነት ነው። «አሥራ አንድ ቀን አስታመምኳት» አልኳቸው። ይህም እውነት ነው። መረቁኝ። «ልጄን በሰው አገር ያስታመምሽ፣ ልጅሽ ትባረክልሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሙት ዓመቷ እደውላለሁ፤ በየዓመቱም ይመርቁኛል። ልጄ ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ሆዳን ሰፈር ደህና ቤት ተከራየች። ምርቃቱ ደረሰ። እኔ ግን በተመረቅሁ ቁጥር ስልኩን ዘግቼ መሬት ላይ እቀመጥ ነበር።

ሥራዬን ቀጠልኩ። ከየሺ በኋላ ጣቱን ሳያስቀምጥ ያለፈኝ በሽተኛ የለም። ሐኪሞቹ ዘገምተኛ ሆነች አሉ፤ ይበሉ። የዳኑ አሉ። እሷን አይመልሱም።

ጡረታ ስወጣ ወሎ ሄጄ ለወይዘሮ ደብሬ እውነቱን እንደምነግራቸው ለሰላም ነገርኳት። እኔን መስላለች፤ ንግግሯ አጭር ነው።

«እማዬ፣ የምትነግሪያቸው ለእሳቸው ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?»

«ማወቅ ይገባቸዋል።»

«ያልመለስሽልኝን ጥያቄ ይዘሽ አትሂጂ።»

የንስሐ አባቴንም ጠየቅሁ። «ይቅርታ መጠየቅ መልካም ነው» አሉኝ፤ ይህን ቃል ይዤ ሄድኩ። ዐቢይ ጾም ነበር። በአውቶቡስ ሁለት ቀን፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር።

ወይዘሮ ደብሬ ካሰብኩት በላይ አርጅተዋል። አቅፈው አለቀሱ፤ ትከሻዬን፣ እጄን ሳሙ። የሺን የያዘ እጅ ነው እያሉ። በርጩማ ሰጡኝ። ጾም ነውና ተልባ በጥብጠው በጣሳ አቀረቡልኝ። «መንገዱ ልብሽን አድርቆታል፤ ጠጪ» አሉ። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ።

ከዚያ ነገርኳቸው። አንድም ሳልደብቅ። ልቤን አለችኝ፣ እኔ ጨጓራ ብዬ አሻገርኩ፣ ሁለት ጊዜ። ብጠይቃት ኖሮ በሐኪም እጅ በጊዜ ትገባ ነበር፤ ምናልባት ትተርፍ ነበር። ይቅር በሉኝ ብዬ ከበርጩማው ወርጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

እንዲጮሁብኝ ጠበቅሁ። እንዲረግሙኝም ጠብቄ ነበር። አንሥተው በርጩማው ላይ መለሱኝ፤ ጣሳውንም መልሰው አስያዙኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ።

«ጨጓራ አልሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አሟት ነበር። እንጥሏ ወርዷል ብለን አስቆረጥናት። ከዚያ ወዲያ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ እንስራውን ታወርድና ትቀመጣለች። እማ፣ ልቤን ትለኛለች።»

በእጄ ያለውን ጣሳ አዩ።

«ተልባ አጠጣት ነበር» አሉ። «ይሄንኑ። ለጨጓራ ይበጃል ብዬ። እስክትሄድ ድረስ አጠጣኋት።»

ያን ጊዜ የሰላም ጥያቄ ገባኝ። ሴትዮዋ ልጃቸውን እግዚአብሔር ወሰደብኝ ብለው ዓመታት ኖረዋል። እኔ ጀርባዬ ላይ የነበረውን ጆንያ ልጥል ሁለት ቀን ተጉዤ መጥቼ እሳቸው ጀርባ ላይ አወረድኩት። ከእኔም ጀርባ አልወረደም።

እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። «ልቤን» አሉ በቀስታ፤ ለእኔ አልነበረም። የት ላይ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ አልልሽም አላሉኝም። አልመረቁኝም። ተልባው በእጄ ነበር። መሬት ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ መመለስም አልቻልኩም። እያዩኝ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።